ግብ ጠባቂው

«ከአሥራ አራታችሁ አሥራ አንዳችሁ የፊልም ተዋናይ ጽፋችኋል» ይላል ሻለቃ፣ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ እየደረደረ። «የቀሩት ሦስቱ ዘፋኝ።»

ቢሯችን የሆነው ኮንቴይነር በሳቅ ይሞላል። ሻለቃ የእርዳታ ካምፑ የጥበቃ ኃላፊ ነው፤ ድሮ ወታደር ስለነበር ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን። እሱ አይስቅም። ቅጹ የዋዛ አይደለም። ከመካከላችን አንዱ መንገድ ላይ ቢታገት፣ መሥሪያ ቤቱ ለአጋቾቹ ጥያቄ ይልካል። የታገተው የሚሰጠው መልስ ዘመዱ ከሚሰጠው ጋር ከገጠመ፣ ሰውየው በሕይወት አለ ማለት ነው። እኛ ታዲያ «ከልቤ የምወደው ማን ነው?» ብለን ጠይቀን፣ ከሥሩ የዝነኛ ስም ጽፈናል።

ጥፋቱ የጨዋታው ነው። ዱቄትና ብርድ ልብስ ስናከፋፍል አርፍደን ምሳ ላይ ስንገናኝ ሌላ ወሬ ስለሌለን፣ እያንዳንዳችን አንድ ዝነኛ ሰው «አግብተናል»። ሕጉ አንድ ነው፤ የተያዘ አይነካም። ነርሷ፣ ሲስተር የምንላት፣ ዝነኛው «ባሏ» ባለፈው ወር እውነተኛ ሠርግ ደግሶ ሌላ ሲያገባ ሦስት ቀን ሙሉ «እግዜር ያጥናሽ» እያልን አጽናንተናታል። እኔ ዘግይቼ ስለመጣሁ ደህና ደህናው ተወስዶ፣ ካራቴ የሚማታ አንድ ራሰ በራ ደረሰኝ። ዕጣ ፈንታዬ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ።

«ይሄን ካምፑ በሙሉ ያውቀዋል» ይላል ሻለቃ። «ካምፑ ካወቀ አጋቹም ያውቃል። አሁን ውጡና ለየቤታችሁ ደውሉ። አንድ ዘመድ ብቻ የሚያውቀው ነገር ይሁን። መልሱን ወረቀት ላይ እንዳታሰፍሩት፤ ጥያቄውንና ዘመዱን ብቻ። ደግሞ አታስጠኑት። ሰው ሲደነግጥ ያጠናው ይጠፋዋል፤ የሚናገረው መጀመሪያ አፉ ላይ የመጣውን ነው። ጠይቁትና ያለውን ያዙ።»

የእኔን ቅጽ ሲመልስልኝ ዓይኑን ይሰብራል። የዘመድ ስም በሚለው ቦታ እጄ እንደለመደው እናቴን ጽፏል። እናቴ ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። ሻለቃ በእርሳስ ሰርዟታል።

ኔትወርክ የሚገኘው ውኃ ታንከሩ ሥር ብቻ ስለሆነ ተራ እንጠብቃለን። ቧንቧ የምንለው መሐንዲስ ፊቱን ወደ ታንከሩ አዙሮ ሚስቱን ያናግራል፤ ጆሮው ቀልቷል። ሲስተር ከእናቷ ጋር ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ሁሉም ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ሞልቶ ይሄዳል።

እናቴ የምታውቀው መልስ የቴሌቪዥኑ የአየር ሁኔታ አቅራቢ ነበር። ካምፑ ውስጥ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሁልጊዜ ያንኑ ቡናማ ኮት ለብሶ፣ ቀጭን ዱላ ይዞ ካርታው ፊት የሚቆም፣ ከዜና በኋላ ሦስት ደቂቃ ብቻ የሚታይ ሰው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ነገ ይዘንባል ካለ፣ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዤ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ «ተይ ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ገና ብዙ ይዋሽሻል» ትለኛለች። ከእሷ በቀር የነቃብኝ አልነበረም።

ተራዬ ሲደርስ፣ ምናልባት እሱም ነቅቶብኝ ይሆናል ብዬ ለታላቅ ወንድሜ እደውላለሁ።

«ወንድም ጋሼ።»

«እንዴ፣ በደህና ነው?»

«በደህና ነው። የሥራ ጉዳይ ሆኖ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጅ እያለሁ ያበድኩለት ዝነኛ ሰው ማን ነበር?»

ከበስተኋላው ሳህን ይንኳኳል፤ ልጆቹ ይጨቃጨቃሉ። ትልቁ ስንት ዓመት እንደሞላው ላስታውስ እሞክራለሁ፤ አልመጣልኝ ይላል። ፈተና ላይ የተቀመጠው እሱ ሆኖ ሳለ የሚመታው የእኔ ልብ ነው።

«ያ ግብ ጠባቂ ነዋ» ይላል። «ፎቶውን ቁም ሳጥኑ ላይ ለጥፈሽ አልነበር? ቡድኑ ሲሸነፍ እራት አልበላም ብለሽ ቤቱን አላመስሽውም? እንዴት ይረሳል።»

ግብ ጠባቂውን የወደደችው አብራን ያደገችው የአክስቴ ልጅ ናት። ቁም ሳጥኑም የእሷ ነበር። ጦሟን ያደረችውም እሷ። ወንድሜ ይስቃል፤ እኔን በማስታወሱ ከልቡ ደስ ብሎታል። እኔ ግን እዚያ ትዝታ ውስጥ የለሁም።

«አላገኘሁትም?»

አላገኘኸውም ልለው አፌን እከፍታለሁ። የሻለቃ ቃል ይመጣብኛል። ዛሬ ባርመውም፣ የደነገጠ ቀን መጀመሪያ አፉ ላይ የሚመጣው ግብ ጠባቂው ነው።

«አግኝተኸዋል» እለዋለሁ። «ማንም ቢጠይቅህ እንደዚሁ በል።»

«ማን ይጠይቀኛል?»

«ቢሮ ነው። ለወረቀት።»

«አይ አንቺ። በይ፣ እነዚህ ልጆች ሊጋደሉ ነው። ሰው ባትረሺ ምናለ፣ ደወል አድርጊ እንጂ።»

ጥያቄውን እጽፋለሁ። ከተሰረዘው የእናቴ ስም አጠገብ «ወንድም» ብዬ እጨምራለሁ። ሻለቃ ቅጹን ተቀብሎ ሁለቴ ያነበዋል።

«መልሱ ላይ እርግጠኛ ነሽ? ቢጨንቅሽ አንቺም አፍሽ ላይ የሚመጣው እሱው ነው?»

«እሱው ነው።»

ወደ መጋዘኑ ስመለስ ሰማዩ ጠቁሯል። ሊዘንብ ነው እላለሁ፤ ወዲያው ቡናማው ኮት ይመጣል። ገፋ አደርገዋለሁ። የብርድ ልብሱን እስር አንድ በአንድ ከመደርደሪያው እያወረድኩ፣ አፌ እስኪለምደው ድረስ፣ ቀስ ብዬ «ግብ ጠባቂው» እላለሁ። «ግብ ጠባቂው።»