ሠላሳ ባዶ ቀፎ

ሠዓሊዋ ስምንት ወር ለፍታ የባህል አዳራሹን ጫካ አድርጋዋለች። ከጣሪያው ሠላሳ ቀፎ አንጠልጥላለች፣ ግድግዳውን በጭቃና በደረቅ ቅጠል ለብጣለች፣ ከድምፅ ማጉያ ወንዝ ታስፈስሳለች። ጥቅምት ንብ ቤት ፍለጋ የሚወጣበት ወር ስለሆነ መስኮቶቹን በሙሉ ከፍታቸዋለች። ሥራው የሚሞላው እውነተኛ የንብ መንጋ ገብቶ ሲሰፍር ነው። ካልገባ ግን የተሰቀለ ቅርጫት ነው።

ዛሬ የዐውደ ርእዩ የመጨረሻ ቀን ነው። እስካሁን የገባው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቀፎ እያቀፈ ፎቶ ይነሳል።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?» አለች ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ።

ቀፎዎቹን የሠሩላት ንብ አናቢው ጋሽ ይርዳው ሳቁ። «ምንም አላጠፋሽም። ንብ እኮ የሰው እጅ የሚበዛበት ቤት አትገባም። አንቺ ደግሞ ሠርግ ቤት አደረግሽው።»

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውጭው አጉረመረመ፤ መንጋው እንደ ጥቁር ጭስ በመስኮት ገባ። ጎብኚው ጫማውንም ስልኩንም እየጣለ ወጣ። እሷ ግን ካለችበት አልተነሳችም፤ እንባዋ ብቻ ወረደ።

ንቦቹ በቀፎዎቹ መሀል አንዴ ዞሩ። ከዚያ ዝቅ ብለው፣ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ በምስማር በተመታ የእንጨት ሣጥን ቀዳዳ ተግተልትለው ይገቡ ጀመር።

«አየሽ» አሉ ጋሽ ይርዳው፣ ወደ ሣጥኑ የዛገ ቁልፍ በአድናቆት እያመለከቱ፣ «እዚህ ውስጥ ለዓመታት የማንም እጅ አልገባም።»

ሠዓሊዋ ጠጋ ብላ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን አነበበች።

«የአስተያየት መስጫ ሣጥን። አስተያየትዎን በየዕለቱ እናነባለን።»