የገመድ ጎጆ

ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ እያለቀስኩ የነደምለውን የግቢ በር ገፋሁት። ምን ላድርግ? በአጥራችን ቀዳዳ ሳይ ሸራ ተወጥሯል፣ ፍራሽ እየተጎተተ ይወጣል። በእኛ ሰፈር ሸራና ፍራሽ አብረው ደጅ ከወጡ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሰርግ ቢሆንማ ከወር በፊት እሰማ ነበር። የደምለው እናት እማማ የብርጓል ሰማንያን አልፈዋል፤ ሐሳቤ በቀጥታ የሄደው እሳቸው ላይ ነው።

እማማ የብርጓል ግን ሸራው ስር፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። እኔ እሳቸውን በሕይወት አይቼ ክው ስል፣ እሳቸው ደግሞ እንባዬንና ነጠላዬን አይተው ሰፌዱን ጣሉት። ማነው የሞተው ብለው ደረታቸውን መቱ። እሳቸው ካልሆኑ ሌላ ሰው ነው ብዬ እኔም ባሰብኝ። እንዲህ ማንነቱን ለማናውቀው ሰው ስንላቀስ የደምለው ሚስት ጥሩነሽ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች።

«እትዬ ታየች፣ የሞተ የለም እኮ» አለችኝ። «ፓርክ ልንሄድ ነው።»

ደምለው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ያልለካውን ነገር አያምንም። ጮቄ ተራራ ላይ፣ ፓርኩ ውስጥ፣ ለቤተሰብ የምትከራይ አንዲት የእንጨት ጎጆ አለች። መብራት የላት፣ አልጋ የላት፣ ውሃው ከምንጭ ነው፤ ፍራሹንም ብርድ ልብሱንም ተሸክሞ የሚሄደው እንግዳው ራሱ ነው። ደምለው የጎጆዋን ልክ በስልክ ጠይቆ፣ ግቢው መሃል ችካል ተክሎ፣ ዙሪያውን በገመድ አጥሮ፣ ሸራውን እንደ ጣሪያዋ ዝቅ አድርጎ ወጥሮ፣ አራት ሰው ትችል እንደሆነ በአራት ፍራሽ ይሞክራል። ለሦስት ቀን እረፍት ቤት ሠርቶ የሚፈትሽ ሰው ገና ዛሬ አየሁ አልኩት። ከደረሱ በኋላ ጠበበን ከማለት ይሻላል አለኝ፣ ሜትሩን እየጠቀለለ።

እንባዬን ጠርጌ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ነገሩ ውስጥ ገባሁ። እማማ የብርጓል ሌሊት ስለሚነሱ ካልጠፋ ቦታ በሩ አጠገብ ካልተኛሁ ብለዋል። በሩ ማለት ሁለት ችካል መሃል ገመድ ያልታሰረበት ቦታ ነው። ጥሩነሽ የጮቄ ውርጭ በበር ስንጥቅ እንደሚገባ ታስረዳቸዋለች፤ እሳቸው ውርጭ ከአንቺ በፊት ያውቀኛል ይላሉ። ደምለው ፍራሹን ወዲያ ይስባል፣ እናቱ ወዲህ ይስቡታል። የጎጆዋ መስኮት በሚሆንበት በኩል ያለውን አራተኛውን ፍራሽ ግን ማንም አይነካውም፣ ማንም ስለሱ አያወራም። የሩሃማ ነው።

ሩሃማ ልጃቸው ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መስከረም ላይ ከመጣ ወዲህ ከክፍሏ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ አይቻት አላውቅም። አሁን ጥር ሊያልቅ ነው። ጥምቀትን እንኳ መጋረጃ ገለጥ አድርጋ ነው ያየችው። ያለፉት ሁለቱ ጓደኞቿ ከዩኒቨርሲቲ ሲደውሉ ስልኳን ደፍታ ታስቀምጠዋለች። ስምንተኛ ክፍል ሳለች ግን ሌላ ልጅ ነበረች፤ ያንን ከሰው ቁመት የሚበልጥ የጮቄ ተክል፣ ጅባራን፣ በቆመበት ካላየሁ እያለች አባቷን እንቅልፍ ትነሳው ነበር። አንድ ደብተር ሙሉ ጅባራ ሥላለች። ዛሬ ነገ ሲላት አምስት ዓመት ሄደ።

ጉዞው ለእሷ ነው። እሷ ግን ትናንት አልሄድም ብላለች። ጥሩነሽ ደግሞ ልጄን ብቻዋን ትቼ ንቅንቅ አልልም ብላለች፤ ስለዚህ ሩሃማ ከቀረች ሁሉም ይቀራል። የፓርኩ ሰው የእንግዳውን ቁጥር ዛሬ አራት ሰዓት ላይ እፈልጋለሁ ብሏል፣ ጎጆዋን የሚጠብቅ ሌላ ቤተሰብ አለ። ይህን ሁሉ ጥሩነሽ በጆሮዬ አንሾካሸከችልኝ።

ያንሾካሸከችውም ወዳ አይደለም። የእኔ ለቅሶ ሩሃማንም ከክፍሏ አስወጥቷት ነበር። በሌሊት ልብሷ ላይ ሹራብ ደርባ፣ ነጠላ ጫማ አድርጋ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ማንም እንዳልሞተ ሰምታም አልተመለሰችም። እኛ አይተን እንዳላየን ሆንን፤ ቀና ብለን ብናያት የምትበር ይመስል።

የደምለው ስልክ ጮኸ። እጁ አፈር ስለነበር ድምፁን ለቆ ፍራሹ ላይ አስቀመጠው። የፓርኩ ሰው ጨዋ ነው፤ የልጆቹን የከብቱን ደኅንነት ጠይቆ ሲያበቃ ስንት ሆናችሁ አለ። ደምለው ፍራሾቹን አየ፣ ቀጥሎ መሬቱን አየ። እማማ የብርጓል ያፈሱትን ምስር በእጃቸው ይዘው ቀሩ። ጥሩነሽ የቀሚሷን ጠርዝ ታፍተለትላለች።

እኔን አላስቻለኝም። ጎንበስ ብዬ ሸራው ስር ገባሁና አራተኛው ፍራሽ ላይ ዝርግት አልኩ።

«ይኼማ ልክክ አለኝ» አልኩ። «ሩሃማ ካልፈለገችው እኔን መዝግቡኝ። ጅባራውንም አየዋለሁ። ደግሞ እኔ ሳንኮራፋ ጅብ አይቀርብም።»

ጥሩነሽ በዓይኗ ተቆጣችኝ። እኔ እቴ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ትንሽ ቆይቶ የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ዓይኔን ከፈት አደረግኩ። ሩሃማ ከደጃፉ ወርዳለች። ገመዱ ከጉልበቷ አይደርስም፤ ተሻግራው መምጣት ስትችል ዞራ በበሩ በኩል፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ገባች። መጥታ ከራስጌዬ ቆመች። የፓርኩ ሰው ከስልኩ ውስጥ ስንት ልበል፣ ስንት ልበል ይላል።

«እትዬ ታየች» አለች፣ «ቦታው ሰው አለው።»