የካሮትና የቀይ ሥር ሰርግ

ሄራን ሳፋውን ከጥሬ ሥጋው አጠገብ ስታስቀምጥ የቤቱ ጨዋታ ቀጥ ይላል። ሰላጣ፣ ካሮት፣ ሽንኩርት፣ ተቀቅሎ የተከተፈ ቀይ ሥር፤ ሎሚ በላዩ ተጨምቆበታል።

«በመስቀል ቅጠል?» ትላለች የባሏ እህት ጌጤ። «አንቺ ሙሽራ፣ በሬ ልንጥል ዓመቱን ሙሉ ቆጥበን፣ በሬው የሚግጠውን ልንበላ?»

ሳቁ ቤቱን ይሞላዋል። ሄራንም አብራ ትስቃለች። ተድራ ላንቴ መንደር ከገባች ገና ስምንት ወሯ ነው። አማቷ አቶ ዳልጮ ከማሳቸው ጥግ ሙዝ ነቅለው አንዲት ቁራሽ መሬት ለአትክልት ሰጥተዋታል፤ «እስከ መስቀል ሞክሪው። ቤተሰቡ ካልበላልሽ ሙዜን እመልሳለሁ» ብለው። መስቀል ዛሬ ነው።

በዚህ ቤት የበዓል ገበታ ላይ አባወራው ሳይቀምስ ማንም እጁን አይዘረጋም። አቶ ዳልጮ ምርቃታቸውን ጨርሰው፣ ቢላዋቸውን አንስተው ሥጋውን ያገላብጣሉ። ሳፋውን አላዩትም።

ቀጭ።

የጌጤ ልጅ ቤቲ ናት። የአምስት ዓመት ልጅ፤ ካሮቱ ከከንፈሯ ወጣ ብሎ ይታያል፤ እጇ እስከ አንጓዋ በቀይ ሥር ቀልቷል። ከኋላዋ ሁለት የአጎቷ ልጆች አፋቸውን ሞልተው ቆመዋል።

«አያትሽ ሳይቀምሱ?» ጌጤ ብድግ ትላለች።

ሄራን አንገቷን ትደፋለች። ጥፋቱ የራሷ ነው፤ ጠዋት ስትከትፍ ልጆቹን ሰብስባ ተረት የነገረቻቸው እሷ ናት።

አቶ ዳልጮ በእጃቸው ምልክት ጌጤን ያስቀምጧታል። «ምን አስቸኮለሽ?» ይላሉ ልጅቷን።

«ሰርግ ነዋ። አክስቴ ሄራን ነግራናለች። ካሮት ሙሽራው ነው። ዓይን አፋር ስለሆነ መሬት ውስጥ ተደብቆ አደገ። ቀይ ሥር ሙሽሪት ናት፤ አፍራ ነው የቀላችው። ሽንኩርት እናቷ ናት፤ ሰዉን ሁሉ ታስለቅሳለች። ዳሱ ሆዳችን ውስጥ ነው፤ ካልበላናቸው ሰርግ የለም።»

«ሙሽሪትስ የታለች?»

«በላኋት።»

አንድ ሰው ሳቁ ያመልጠዋል። አቶ ዳልጮ አይስቁም። ሠላሳ ዓመት ሽምግልና የተቀመጡ ሰው ናቸው፤ የነገር ቀዳዳ አያልፋቸውም። «ሽማግሌ ማን ተላከ? ያለ ሽማግሌማ ጠለፋ ነው።»

ቤቲ ማኘኳን ታቆማለች። ይህን አልተነገራትም። ዞራ ሄራንን ታያለች፤ ቤቱም አብሯት ዞሮ ያያል።

ሰው ፊት ስትናገር ድምፅዋ ይጠፋል፤ ሄራን ታውቀዋለች። እንደ ምንም ትመልሳለች። «ነጭ ሽንኩርት ነው፣ አባዬ። ጢሙ ነጭ ነው። ከደጋው ከጨንቻ ወርዶ፣ ሦስቴ ተመላልሶ ነው እሺ ያሰኛቸው።»

«እኔ አላየሁትም።»

«ተወቅጦ ከሎሚው ጋር ገብቷል።» ከዚያም ከየት እንደመጣላት ሳታውቅ፣ «ሽማግሌ ካስማማ በኋላ መች ይታያል?»

አቶ ዳልጮ ቢላዋቸውን ያስቀምጣሉ። በሦስት ጣታቸው ከሳፋው ያነሳሉ፤ ቀዩንም፣ ብርቱካናማውንም፣ አረንጓዴውንም። ቀስ ብለው ያኝካሉ።

«አለ» ይላሉ። «ሽማግሌው አለ።»

ከዚያ በኋላ የማን እጅ የማን እንደሆነ አይለይም። ጌጤ ሥጋውን በሰላጣ ቅጠል ጠቅልላ፣ ዳጣ ውስጥ ነክራ ትጎርሳለች፤ ቃጠሎው ዓይኗን እንባ ሞልቶት ሁለተኛ ትጠቀልላለች። «ለካ በሬው የሚያውቀው ነገር ነበረው» ትላለች።

ሳፋው ባዶውን ይቀራል።

«ጨምሪ እንጂ» ይላሉ አቶ ዳልጮ።

«አልቋል፣ አባዬ።»

«እንግዲህ መሬቱ ያንቺ ነው። ከመሬትሽ አምጪ።»

ሄራን ባዶውን ሳፋ አቅፋ ስትወጣ ልጆቹ ቀድመዋት ይሮጣሉ። ከኋላዋ ወንበር ሲንቀሳቀስ ትሰማለች። አቶ ዳልጮ የበዓል ነጭ ልብሳቸውን ሰብስበው የመስኖውን ቦይ ይሻገራሉ፤ ሙዙን ከነቀሉ ወዲህ እግራቸው ባልረገጠው መሬት ላይ ይንበረከካሉ። አንዲት ቀይ ሥር በቅጠሏ ይዘው ይስባሉ። እምቢ ትላለች። በሁለት እጃቸው ይይዟታል። መሬቱ ድንገት ይለቃታል፤ ከነጭቃዋ ወደ ፀሐይ ያነሷታል፤ ጭቃው በነጩ እጅጌያቸው ላይ ይወርዳል፤ ልጆቹም እልልታውን ያቀልጡታል።