ሁለት ጊዜ የተቆፈረ ጉድጓድ

ልጅ ሳለሁ ከግድግዳ ወዲያ የሰማሁት ወሬ ግማሹ ጠፍቶብኛል። አጎቴ፣ «ከወይራው ሥር ነው፤ ማንም አያገኘውም» ሲል ትዝ ይለኛል። ሌላ ድምፅ በሹክሹክታ፣ «ፍትሐትስ?» አለው። የማን እንደነበር እንጃ። አባቴ የጠፋው በዚያው ሰሞን ነው፤ አጎቴ «ሱዳን ገባ» አለን።

ዘንድሮ ለፖሊስ ተናገርኩ። የጥንት መቃብር የምታጠና ባለሙያ ይዘው መጡ። ከወይራው ሥር አፈሩን በማንካና በብሩሽ በስሱ ስትገፈው አጎቴ አጥር ተደግፎ፣ «ልጄ፣ በዚህ አያያዝሽ ለፋሲካም አትደርሺም!» ብሎ ቀለደባት። ማንም አልሳቀም።

ጉድጓዱ የሰው ቁመት ያህል ነበር፤ ግን ባዶ።

«ሱዳን ነው አላልኳችሁም?» አለ አጎቴ።

ባለሙያዋ የአፈሩን ቀለም በጣቷ አሳየችን። «ሁለት ጊዜ ተቆፍሯል። መጀመሪያ ሰው ተቀበረበት፤ ኋላ አንድ ሰው አፅሙን በጥንቃቄ አነሣው። ይህንም ጥሎ ሄዷል።»

መዳፏ ላይ ቁራጭ ጧፍ ነበር፤ ክሩ ቀይ። በሰፈራችን በቀይ ክር ጧፍ የምትሠራው እናቴ ብቻ ናት።

«እማዬ?» አልኩ ከኋላዬ ወደቆመችው ዞሬ።

«ክርስቲያን ያለ ፍትሐት ይቅር?» አለች። «አጎትህ በአባትህ ላይ አንተን እንዳይጨምርብኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

ከዚያም አጎቴን ቀና ብላ ሳታይ፣ ፖሊሶቹ ሲጠይቋት አፅሙን መልሳ ወዳሳረፈችበት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ልትመራን እሺ አለች።