ለእርድ የመጣችው ነጯ ፒካፕ

ሸራውን ገፈፍ አደረገችና ክው ብላ ቀረች። ከሥሩ መኖር የነበረባት ለእርድ የተገዛችው ነጯ ፒካፕ ነበረች። ይቺ ግን ሰማያዊ ናት። የአባቷ ናት። በሮቿ የሉም፣ ኮፈኗ የለም፣ የሞተሩ ቦታ ባዶውን ነው፣ ጣሪያዋ ተቆርጦ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

“ቡሎን!” ብላ ጮኸች። ሰፈሩ ሁሉ ታናሽ ወንድሟን ሲጠራው እንዲህ ነው፤ እሷ ግን የምትጠራው ደሟ ሲፈላ ብቻ ነው። “ካለህበት ጉድጓድ ውጣ!”

ወንድምየው እጁን በጨርቅ እያበሰ ከጋራዡ ጓዳ ብቅ አለ። “እታለም! ነገ እመጣለሁ አላልሽም እንዴ?”

“ነገማ ቀብረሃት ትጠብቀኝ ነበር!”

ትናደድ እንጂ፣ ማን ይፈርድባታል? አባታቸው ሲሞት መኪናዋ ለእሷ ደረሰች። ስንት ዓመት ሸራ አልብሳ፣ አይጥ እያባረረች አቆየቻት። በመጨረሻ የዚያችኑ መንትያ፣ አሮጌ ነጭ ፒካፕ ከሩቅ ከተማ አፈላልጋ፣ በጭነት መኪና አስጭና አመጣችለት። “ከነጯ አውልቅ፣ ለአባዬ ግጠም” አለችው። ይህም ማብራሪያ ይፈልጋል? እሱ ግን ሞተሩንም፣ መሪውንም፣ ወንበሩንም ከአባቱ መኪና አውልቆ ነጯ ላይ ገጥሟል። ሰማያዊ ቀብቶም ግቢው መሃል እንደ ሙሽራ አቁሟታል፤ እሷም ስትገባ የአባቷ መስላት ነበር ያለፈቻት።

“አባዬን ነው ያረድከው!” አለች። “እጅህን ይቁረጠው! እንዴት አስቻለህ?”

“ስሚኝ እንጂ...”

“አልሰማም!”

“በኛ ሥራ የምትድነው ሻንሲዋ ደህና የሆነችዋ ናት። አካሏ ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነዋ። ነጯ ልብሷ ያለቀ ነበር፣ አጥንቷ ግን ጤነኛ። የአባዬ ደግሞ...” ጨርቁን አጣጠፈው። “የአባዬ በስብሷል።”

“አፍህን ዝጋ! የበሰበስከው አንተ ነህ! አባዬ ‘የዚች መኪና ሻንሲ ከኔ አጥንት ይጠነክራል’ አይል ነበር?”

“ይል ነበር።”

“እና?”

“እናማ፣ ይል ነበር።”

ይሄኔ ባሰባት። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ የተጋደመችው መኪና የጭነት ቦታ ላይ ወጣች። ከጋቢናው ጀርባ፣ በልጅነታቸው ከእህቷ ጋር ተቃቅፈው ይሄዱበት የነበረው ቦታ ላይ ቆመች። ቡሎን ወንድ ልጅ ነው፣ መንገድ ይልመድ ተብሎ ሁልጊዜ ጋቢና ነበር። እሷ ግን ቀንታ አታውቅም። ነፋሱ የእነሱ ነበር፤ አባታቸውም እየነዳ የኋላውን መስታወት በጣቱ ቆርቆር ያደርግላቸው ነበር። መሬት ላይ ከዚያ የሚበልጥ ቦታ ያለም አይመስላትም ነበር።

“ይኸው! በስብሷል?” ብላ ረገጠችው። “ይኸው!” ደግማ ረገጠች።

ሦስተኛው ላይ ከሥሯ የሆነ ነገር ቀጭ አለና ወለሉ ወደ ታች ጠለቀ። ቡሎን ዘሎ ክንዷን ባይዛት በአፍጢሟ ተደፍታ ነበር።

አወረዳትና ተንበርክኮ ካቻቢቴውን ሻንሲው ላይ ጫን አደረገው። እስከ እጀታው ገባ። ላዩ ላይ የተቀባውን ሬንጅ ሲፍቀው ከሥሩ ከዘይት ጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ ወጣ፤ የሻንሲውን ስንጥቅ ዙሪያውን ሸፍኖታል። ቆርቆሮውን ደግሞ ሽቦ ጠፍሮታል።

“ይሄን ያየሁት ስፈታት ነው” አለ። “ልነግርሽ ብዬ አፌ እምቢ አለኝ። አንቺ ስለ አባዬ ስታወሪ እንዴት እንደምትሆኚ አውቃለሁ። መኪናዋን ቆራርጬ ልጣልና እህቴ ትስደበኝ፣ ስድቧ ይሻለኛል አልኩ።”

እሷ ሽቦውን እያየች ነው። እጥፍ ተደርጎ ተገምዷል፤ ጫፉ እጅ እንዳይቧጭር ወደ ውስጥ ታጥፎ በመዶሻ ተመትቷል። የትምህርት ቤት ቦርሳዋ እጀታ የተጠገነው እንዲህ ነበር። የዶሮ ቤቱ በርም፣ የአልጋዋ እግርም። በዚህ ዓለም ላይ ሽቦ እንዲህ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው።

“ያውቅ ነበር” አለች። “እያወቀ ነው።”

“ምናልባት በያጅ እስኪያገኝ...”

“ዝም በል! ለጡሩምባው ገንዘብ አላጣም! ያን ባለ ዜማ ጡሩምባ ከየት አምጥቶ አስገጠመው? ዳገት ቁልቁለቱን ሁሉ በሱ እያስጨፈረ! አንተን ጋቢና አስቀምጦ፣ እኔንና እህቴን እዚህ! እዚህ ላይ!” ቆርቆሮውን በጥፊ መታችው።

“እኔም እኮ ልጅ ነበርኩ” አለ ቡሎን ቀስ ብሎ።

“አንተን ማን ምን አለህ?” ድምፅዋ ተቆራረጠ። “ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ...” ብላ ጀመረች።

ሰዉ ሁሉ ይህን ብሎ ከዚያ ያሻውን ይናገራል። እሷ ግን በአባቷ ላይ ክፉ ቃል አውጥታ አታውቅም፤ አፏም አልለመደው።  በእልህ ተንበረከከችና የሽቦውን ጫፍ ይዛ ትፈታው ጀመር።

“ፒንሳ ልስጥሽ” አላት።

“አልፈልግም!”

በጥፍሯ ቆፈረችው፣ በሁለት እጇ ጎተተችው። ጣቷ ደማ። ሽቦው ንቅንቅ አላለም። አባቷ ያለ የሌለ ጉልበቱን አሟጦ ነበር ያጠበቀው።