የአስካለ የመጨረሻ መጽሐፍ

በሕጉ መሠረት፣ የተነበየው ነገር እውን የሆነ ልብ ወለድ ሁሉ ከየቤቱ ይሰበሰባል። የደራሲዋ የአስካለ ሠላሳ መጻሕፍት በዚሁ አለቁ፤ መደርደሪያዋን ሳህንና ብርጭቆ ወርሶታል። የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ ዓይነ ስውሩ ባሏ በላቸው በሰው ሠራሽ ዓይን እንደሚያይ የጻፈችበት።

ዛሬ በላቸው ዓይኑን አስገጥሞ ከአስካለ ጋር ከሐኪም ቤት ሲመለስ፣ መጽሐፍ ሰብሳቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄም እውን ሆነ።»

«በላቸው አንድ ገጽ ያንብብና ትወስደዋለህ» አለችው አስካለ።

በላቸው ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ አርባ ዓመት ከእሷ አፍ የሰማውን፣ ጣቱን ከመስመሩ ሳያነሳ እየተንተባተበ በገዛ ዓይኑ አነበበ። ሲጨርስ ቀና ብሎ አያት።

«አርጅተሻል» አለና ሳቀ።

አስካለ መጽሐፉን ለሰብሳቢው ወረወረችለት።

«እንካ፣ ውሰደው! እኔ መቼ ውሸት ጽፌ አውቃለሁ?» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው።