ቁጥር ሁለት

የእሷ ቤዝ ጊታር ከሦስት ሦስተኛ ወጣ። ያውም በሙሉ ድምፅ፤ ራሷም እጇን አውጥታበታለች።

«ቁጥር አንድ የእኔ ጥቁሩ፣ ቁጥር ሦስት የፋርማሲስቱ» አለ ጊታር ጠጋኙ ከብጣሽ ወረቀት ላይ እያነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ በሐዘኔታ አያት። «ቁጥር ሁለት ያንቺ ነበር፣ እህቴ።»

ሐዘኔታው ወረቀቱ ሳይገለጥ በፊት ተዘጋጅቶ የጠበቃት መሰላት።

«አይክፋሽ» አላት አብሯቸው ሲያዳምጥ የነበረው የሙዚቃ መምህር። እዚህ የጥገና ክፍል ውስጥ ስሙ ጆሮ ነው፤ የሰማውን ከሰማ በኋላ ይግባኝ የለም። «አንደኛው ሆደ ሰፊ ነው። ድምፁ ተንደላቆ ነው የሚወጣው። ሁለተኛው ግን ደረቅ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ነገር።»

«እኔ የታፈነ ነው ያልኩት» አለ ሌላው አድማጭ፣ ፋርማሲስቱ።

«ደረቅ ነው።»

«አንተ ደግሞ የማይደርቅብህ ነገር የለም።»

የቤቱ ደንብ እንዲህ ነው፦ አድማጭ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ ጠጋኙ ከጀርባ ሆኖ ያንኑ አንድ ዜማ በየተራ ይጫወትባቸዋል። ቀለምና ስም ዓይንን ያታልላል ብለው ነው። እሷም እንደ ተቀጣ ተማሪ ግድግዳ ላይ አፍጥጣ፣ ያለፈውን ዓመት የቀን መቁጠሪያ ስታነብ ነበር የሰማችው።

አራት ዓመት የተጫወተችበትን ቤዝ እንዴት አላወቀችውም?

ረቡዕ ፈተና አለባት። አንድ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ይፈልጋል፤ ሦስት ሰዎች ቀርበዋል፣ አንዷ እሷ ናት። ጠጋኙ ይህን ያውቃል። ባለፈው ሳምንት የኬብል መሰኪያውን ሲያጠብቅላት ቤዙን ገልብጦ ጀርባውን ደጋግሞ አየው፤ ብሎኖቹን ፈትቶ ቀዳዳቸውን በባትሪ ሲያበራ ቆየ። ከዚያ «ሌላ ሰው አይቶታል?» ብሎ ጠየቃት። ይህን ጥያቄ ከሐኪም አፍ ቢሆንም አትወደውም። ወዲያው ደግሞ አዲሱን ጥቁር ቤዝ ውሰጂና ይሄን የተላጠ እንጨት ተዪልኝ፣ ጭማሪ አልጠይቅሽም አላት። አዲስ ነገር በአሮጌ የሚለውጥ ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ ሞኝ አግኝቷል። ጠጋኙ ደግሞ ሞኝ አይመስልም። ቢሆንም ረቡዕ ቀርቦባት ነበርና «ጆሮ ይፍረድ፤ የእኔ ከተሸነፈ እንለዋወጣለን» ብላ ቃሏን ሰጠች።

«እንግዲህ ቃል ቃል ነው» አለ ጠጋኙ። የጥቁሩን ቦርሳ ከመደርደሪያ አውርዶ ዚፑን መክፈት ጀምሯል። ቦርሳው አቧራ የለበትም። ጠዋት ተጠርጎ የተዘጋጀ ነው።

ያን ጊዜ ወንበሩ ትዝ አላት። ጠጋኙ የሚቀመጥበት የሚሽከረከር ወንበር ወደ ጊታሮቹ በዞረ ቁጥር ሲጢጥ ይላል። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሲያልፍ ሰምታዋለች። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ግን የኬብሉን መነቀልና መሰካት እንጂ ሲጢጥታውን አልሰማችም።

«እስቲ ልሰናበተው» አለችና ቤዟን ከማቆሚያው አነሳች።

«ተዪው፣ እኔ አስቀምጠዋለሁ» አለ ጠጋኙ ፈጠን ብሎ።

አልሰማችውም። ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቷ መታችው። ክሩ ድምፅ በማውጣት ፈንታ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወዛውዞ ከእንጨቱ ጋር ተንኳኳ። ቀጣዩን መታችው። እሱም እንደዚያው። አራቱም እንደዚያው።

ፋርማሲስቱ ዞረ። «ምን ነካው?»

«እኔ ነኝ ያላላሁት» አለች፤ የምታየው ግን ጠጋኙን ነው። «ወንድሜ ሲሰጠኝ፣ መንገድ ላይ አንገቱን አታስጨንቂው ብሎኛል። ታክሲ ውስጥ ከመግባቴ በፊት እያንዳንዱን ክር ሁለት ሁለት ዙር አላላዋለሁ። ዛሬም አላልቼ፣ በቦርሳው እንዳለ ነው ያስረከብኩህ። በየትኛው ቅኝት ተጫወትክበት ጋሼ?»

«ሦስቱንም ቃኝቻለሁ ብዬሻለሁ እኮ።»

«ብለኸኛል።»

«ክር ደግሞ ይላላል። ሙቀቱን አታይም?»

«አራቱም? እኩል ሁለት ዙር?»

ጠጋኙ ወደ መሬት አጎንብሶ ኬብሉን መጠቅለል ያዘ። ወንበሩ ሲጢጥ አለ።

ፋርማሲስቱ ጥቁሩን ቤዝ አየ፣ የእሷን አየ፣ እንደገና ጥቁሩን አየ። «ቆይ፣ ቆይ። እንግዲያ ሁለተኛው የአንተው ጥቁሩ ነው? አንዱን ሁለት ጊዜ ነው ያሰማኸን?»

የመምህሩ አንገት ቀልቷል። ጉሮሮውን ጠረገ። «ቢሆንም» አለ፣ «ሁለተኛው ደረቅ ነበር።»

«የታፈነ» አለ ፋርማሲስቱ፤ ከአፉ ካመለጠው በኋላ አፈረ።

እሷ ቤዟን ቦርሳው ውስጥ አስገብታ ዚፑን እስከ አንገቱ ሳበችው።

«ኧረ ቁጭ በይ» አለ ጠጋኙ፤ ድምፁ የዘመድ ድምፅ ሆኗል። «ተሳስቼ ይሆናል፣ ሰው ነኝ። አሁን ልቃኘውና አንድ ጊዜ በደንብ እንስማው።»

«ፊቴን አዙሬ?»

ጠጋኙ እንደገና ወደ ኬብሉ አጎነበሰ።

«እኔ ረቡዕ እሰማዋለሁ» አለችና ቦርሳውን ትከሻዋ ላይ አዘለችው። «አሁን እንደላላ ይሁን። መንገድ አለብን።»

በሩ ጋ ደርሳ ስትዞር ጠጋኙ አሁንም ኬብሉን እየጠቀለለ ነው፤ ጠቅልሎ የጨረሰውን ፈትቶ እንደገና ይጠቀልላል። መምህሩ ጆሮ ግን የራሱን ወንበር ጎትቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ወዳለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ አዙሯል።

«እስቲ አንደኛውን ድገመው» አለ።

ወጥታ በሩን ዘጋችው።